የዓይን ሞራና ነጩ ብናኝ

ከንባብ በፊት
1. «እገሌ ሞራው ተገፈፈለት» ሲባል ሰምታችሁ ታውቁ ይሆናል። ከዓይን ላይ የሚገፈፈው ነገር ምን ይመስላችኋል?
2. በዕድሜ የገፉ ሰዎች የማየት ችሎታቸው ሲቀንስ በቤተሰቡ ላይ ምን ችግር ይደርሳል?

ምንባብ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ድንበር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። አንድ ስም ይዛ በሁለት አገር ትገኛለች፤ ገሚሷ በኢትዮጵያ፥ ገሚሷ በኬንያ ግዛት ውስጥ ነው። በኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ በማርሳቢት ካውንቲ ሥር ትተዳደራለች። በገበያዋ ቦረንኛ፥ ሶማሊኛ፥ ስዋሂሊና አማርኛ ጎን ለጎን ይሰማሉ፤ ብርና ሽልንግም ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወራሉ። ከተማይቱ ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከኢሲኦሎ ወደ ሞያሌ የሚወስደው መንገድ አስፋልት ከለበሰ፥ እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር መተላለፊያ ጣቢያ ከተመረቀ ወዲህ ጉዞው ቀልሏል። ይሁን እንጂ ዓይናቸው ለታወከባቸው አንድ አዛውንት ይህ ዛሬም ሩቅ መንገድ ነው።

በኬንያዋ ሞያሌ ዳርቻ የሚኖሩ አንድ የሰባ ዓመት አዛውንት እንዳሉ እናስብ። አዛውንቱ ዕድሜያቸውን የፈጁት ከብትና ግመል በማርባት ነው። በደኅናው ጊዜ የራሳቸውን ከብት ከጎረቤት ከብት ከሩቅ አይተው ይለዩ ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሁሉ ነገር በጉም የተሸፈነ መስሎ ይታያቸው ጀመር። ቀጥሎም የቀትሩ ፀሐይ ዓይናቸውን ያጥበረብረው፥ ሲመሻሽ መንገዱ ይጠፋቸው ሆነ። ውሎ አድሮ በገበያ መካከል የመቶውን ሽልንግ ከአምስት መቶው ለመለየት ተሳናቸው። በመጨረሻም የአሥር ዓመት የልጅ ልጃቸው የበትራቸውን ጫፍ ይዞ ይመራቸው ጀመር። ልጁ አያቱን በሚመራበት ቀን ሁሉ ከትምህርት ቤት ይቀራል። በአንድ ቤት ውስጥ የአንድ ሰው ዓይን ሲጠፋ የሚጎዳው አንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

እኒህን አዛውንት የመሰሉ ሰዎች በድንበሩ በሁለቱም ወገን ብዙዎች ናቸው። በኢትዮጵያ በኩል እ.ኤ.አ. በ2005 እና በ2006 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከሕዝቡ መካከል ከመቶ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ሥውር መሆኑን አሳይቷል። ከዓይነ ሥውራኑም ግማሽ ያህሉ የማየት ችሎታቸውን ያጡት በዓይን ሞራ ምክንያት ነበር። የዓይን ሞራ በቀዶ ሕክምና የሚድን በሽታ ስለሆነ፥ ይህ አኃዝ አሳዛኝ ቢሆንም ተስፋም ያለበት ነው። ነገር ግን በአንዳንድ ሕሙማን ዓይን ውስጥ ከሞራው ሌላ፥ በዓይን ብቻ የማይታይ አንድ ነገር ተደብቆ ይገኛል። ይህ ጽሑፍ የሚያስረዳውም ስለዚሁ ነገር ነው።

ሞራ ምንድን ነው?

በዓይናችን መካከል ብርሃን የሚገባበት ጥቁር ክብ ቀዳዳ አለ፤ ብሌን ይባላል። በብሌኑ ዙሪያ የሚታየው ባለ ቀለም ክፍል አይሪስ ነው። አይሪስ በብርሃን ጊዜ ብሌኑን ያጠበዋል፤ በጨለማ ጊዜ ያሰፋዋል። ከአይሪስ በስተኋላ ሌንስ የተባለው ጥርት ያለ አካል ይገኛል። ቅርፁ የምስር ፍሬ ይመስላል፤ ሌንስ የሚለው ቃልም በላቲን ቋንቋ ምስር ማለት ነው። ይህ አካል እጅግ ስስ በሆነ ከረጢት ተሸፍኗል፤ ከረጢቱም ዙሪያውን በቀጫጭን ክሮች ተወጥሮ ተሰቅሏል። አንድ የጠፍር አልጋ ጠፍሮቹ ጠበቅ ብለው ከየጠርዙ ሲወጥሩት ቀጥ ብሎ እንደሚቆም ሁሉ፥ ሌንሱንም በቦታው የሚያጸኑት እነዚሁ ክሮች ናቸው።

ሰው ሲያረጅ ሌንሱ እየደፈረሰ ይሄዳል። ብርሃን እንደ ልብ ማለፍ ሲሳነው ብሌኑ ነጣ ብሎ ይታያል። አበው ይህን ነጭ ነገር ባዩ ጊዜ በከብት ሆድ ዕቃ ላይ ከሚገኘው ስስ የስብ ሽፋን ጋር አመሳስለው «ሞራ» አሉት፤ ሕክምናውንም «ሞራ መግፈፍ» ብለው ጠሩት። ስያሜው ውብ ነው፤ ይሁንና አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ያሳድራል። በዓይን ላይ ተለጥፎ የሚገፈፍ ነገር የለም፤ የደፈረሰው ራሱ ሌንሱ ነው።

በዘመናዊው ቀዶ ሕክምና ሐኪሙ ብሌኑን በመድኃኒት ካሰፋ በኋላ የሌንሱን ከረጢት ከፊት በኩል ይከፍታል፤ የደፈረሰውንም ይዘት ያወጣል። ከረጢቱን ግን ባለበት ይተወዋል። በባዶው ከረጢት ውስጥ ሰው ሠራሽ ሌንስ ያኖርበታል። ሰው ሠራሽ ሌንስን በሰው ዓይን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስገባው እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ሲሆን፥ ይህንንም ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1949 በለንደን ነበር። እንግዲህ የቀዶ ሕክምናው መሳካት በሦስት ነገሮች ላይ የተመሠረተ ነው፤ እነርሱም የብሌኑ በሚገባ መስፋት፥ የከረጢቱ አለመቀደድና የክሮቹ ጥንካሬ ናቸው። ነጩ ብናኝ የሚያውከው እነዚህኑ ነው።

ነጩ ብናኝ እንዴት ታወቀ?

እ.ኤ.አ. በ1917 ጆን ሊንድበርግ የተባለ ፊንላንዳዊ የዓይን ሐኪም በሄልሲንኪ ከተማ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ዓይን ይመረምር ነበር። የተጠቀመበት መሣሪያ ቀጭን የብርሃን ጨረር በዓይን ውስጥ የሚያሳልፍ አጉሊ መነጽር ነው። ይህን መሣሪያ ስዊድናዊው ሳይንቲስት አልቫር ጉልስትራንድ ለዓለም ካስተዋወቀው ገና ጥቂት ዓመታት ብቻ ተቆጥረው ነበር። ሊንድበርግ ሞራ ካለባቸው ሕሙማን መካከል በአንዳንዶቹ ላይ፥ በብሌኑ ጠርዝ ዙሪያ እንደ ፎረፎር ያለ ግራጫ ቅንጣት ሰፍሮ አየ። በሽታው ለመጀመሪያ ጊዜ የተገለጸው በዚህ ዓይነት ነው።

ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች ስለ ብናኙ ምንነት ተከራከሩ። አንዳንዶቹ የሌንሱ ከረጢት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ እየተላጠ የሚወድቅ መሰላቸው። በእርግጥም ከብርጭቆ ማቅለጫ ምድጃ ፊት ለብዙ ዓመታት በሠሩ ሰዎች ዓይን ውስጥ፥ ከረጢቱ በሙቀት ኃይል የመላጥ ነገር ይታይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 ግን ጆርጂያና ድቮራክ ቲዮባልድ የተባለች አሜሪካዊት ሐኪም የዚህኛው ብናኝ ነገር ከዚያ የተለየ መሆኑን አስረዳች። ብናኙ ከረጢቱ ተልጦ የወጣ ሳይሆን በላዩ ላይ መጥቶ የሰፈረ ነው። ስለዚህ በሽታው «ሱዶኤክስፎሊኤሽን» ተባለ። ትርጉሙ «ሐሰተኛ መላጥ» ማለት ነው። እኛ «ሞራ ተገፈፈ» ስንል በስያሜ እንደተሳሳትነው ሁሉ፥ የውጭዎቹ ሊቃውንትም የሌለ መላጥ አይተው እንደነበር ልብ ይሏል።

ዛሬ ስለ ብናኙ ከቀድሞው የበለጠ ይታወቃል። ብናኙ ሰውነት ራሱ የሚሠራው፥ ከፕሮቲን የተገነባ የቃጫ መሰል ቅንጣቶች ክምችት ነው። የሚገኘውም በዓይን ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በቆዳ፥ በልብና በሳንባም ውስጥ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 በአይስላንድና በስዊድን ሕዝቦች ላይ የተደረገ ምርምር በሽታው ከአንድ የዘር ቅንጣት ጋር የተያያዘ መሆኑን ገለጸ፤ ይህ የዘር ቅንጣት የሰውነትን ተለጣጭ ክሮች የሚያያይዘውን ንጥረ ነገር የሚያዝ ነው። ይሁን እንጂ የዘር ቅንጣቱ ብቻውን በሽታውን አያመጣም። ለረጅም ዓመታት በፀሐይ ብርሃን ውስጥ መዋል ለበሽታው ሊያጋልጥ እንደሚችል የሚያመለክቱ ጥናቶችም አሉ። ከሁሉም በላይ ግን በሽታው ከእርጅና ጋር የሚመጣ ነው፤ ከ50 ዓመት በታች በሆነ ሰው ላይ እምብዛም አይታይም።

በመላው ዓለም ይህ በሽታ ያለባቸው ሰዎች ቁጥር ከ60 እስከ 70 ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ሥርጭቱ ግን ከሕዝብ ሕዝብ በእጅጉ ይለያያል። በስካንዲኔቪያ አገሮች በብዛት ሲገኝ፥ በሰሜን ዋልታ አካባቢ በሚኖሩት በኢኑይት ሕዝቦች ዘንድ ጭራሽ አልታየም ለማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ በዚህ ረገድ ከየት ትመደባለች? ሁለት ኢትዮጵያውያን የዓይን ሐኪሞች የሞራ ቀዶ ሕክምና ለማድረግ ቀጠሮ የተያዘላቸውን ኢትዮጵያውያን መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2004 አሳትመዋል። ከእነዚህ ሕሙማን መካከል ከመቶ 39 ያህሉ ነጩ ብናኝ ነበረባቸው። ይህም ማለት ለሞራ ቀዶ ሕክምና ከተሰለፉ አምስት ሰዎች መካከል ሁለቱ ይህን ብናኝ በዓይናቸው ይዘው ቆመዋል ማለት ነው።

ብናኙ የሚያደርሰው ጉዳት

የብናኙ ጉዳት በሦስት በኩል ይገለጻል። በመጀመሪያ ደረጃ ብናኙ አይሪስን ያደርቀዋል፤ ስለዚህ ብሌኑ መድኃኒት ተጨምሮበት እንኳ በሚገባ አይሰፋም። ሐኪሙም በጠባብ መስኮት በኩል እጁን አሾልኮ ትልቅ ዕቃ ለማውጣት እንደሚታገል ሰው ይሆናል።

ሁለተኛ፥ ብናኙ ሌንሱን የያዙትን ክሮች ያላላቸዋል። ጠፍሩ የላላ አልጋ ሰው ሲተኛበት እንደሚረግብ ሁሉ፥ ክሮቹ የላሉበት ሌንስም በሐኪሙ መሣሪያ ሲነካ ይወዛወዛል። በዚህ ጊዜ ከረጢቱ ሊቀደድ፥ ከበስተኋላው ያለው ዝልግልግ ፈሳሽ ወደ ፊት ሊፈስ፥ አልፎ ተርፎም ሌንሱ ወደ ዓይኑ ወለል ሊወድቅ ይችላል። ቀዶ ሕክምናው በደኅና ከተፈጸመም በኋላ ክሮቹ መላላታቸውን አያቆሙም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሰው ሠራሹ ሌንስ ከነከረጢቱ ከቦታው የሚንሸራተትበት ጊዜ አለ።

ሦስተኛውና እጅግ አስጊው ጉዳት የዓይን ግፊት መጨመር ነው። በዓይን ውስጥ ዘወትር የሚመነጭ ንጹሕ ፈሳሽ አለ፤ ይህም ፈሳሽ በጥቃቅን ቦዮች በኩል ይወጣል። ብናኙ ከአይሪስ ከሚረግፈው ቀለም ጋር ተደባልቆ ቦዮቹን ይደፍናቸዋል። ደለል የሞላው ቦይ ውኃውን እንደሚመልሰው ሁሉ ፈሳሹ በዓይን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ግፊቱም ያይላል። የበረታው ግፊት ምስልን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይገድለዋል። ይህ በሽታ ግላኮማ ይባላል።

በሞራና በግላኮማ መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቆ መገንዘብ ያስፈልጋል። ሞራ የጋረደውን ዓይን ሐኪም ሊመልሰው ይችላል። በግላኮማ የሞተውን ነርቭ ግን ማንም ሊመልሰው አይችልም፤ የሚቻለው የቀረውን ማዳን ብቻ ነው። ሁለቱ በሽታዎች በአንድ ዓይን ውስጥ አብረው ሲገኙ ሞራው ግላኮማውን ይሸሽገዋል። ሕመምተኛውም ሆነ ቤተሰቡ የእይታውን መቀነስ ሁሉ በሞራው ያሳብባሉ፤ «ሞራው እስኪበስል እንጠብቅ» እያሉም ዓመታት ያሳልፋሉ። በመጨረሻ ሞራው ሲወጣ ዓይኑ የማያይ ሆኖ ይገኛል። ሰዎች ያን ጊዜ «ሐኪሙ አጠፋው» ይላሉ፤ ዓይኑን ያጠፋው ግን መጠበቁ ነው።

የሐኪሙ ድርሻና የቤተሰቡ ድርሻ

ይህ ሁሉ ሲባል ነጩ ብናኝ ያለበት ሰው ከቀዶ ሕክምና ይሽሽ ማለት አይደለም። ሐኪሙ ነገሩን አስቀድሞ ካወቀ አደጋውን በእጅጉ ሊቀንሰው ይችላል። ያልሰፋውን ብሌን በልዩ መሣሪያ ያሰፋዋል፤ የላላውን ከረጢት በቀለበት ይደግፈዋል፤ ሥራውንም ሳይቸኩል በዝግታ ያከናውናል። ስለዚህ ዋናው ነገር አስቀድሞ ማወቅ ነው። ለማወቅ ደግሞ በእጅ ባትሪ ማየት አይበቃም፤ ብሌኑን በመድኃኒት አስፍቶ በባለ ጨረሩ አጉሊ መነጽር መመርመር፥ የዓይኑንም ግፊት መለካት ያስፈልጋል።

ከትልልቅ ሆስፒታሎች ርቀው በሚገኙ አካባቢዎች የዓይን ሐኪሞች ቡድን መጥቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ ለብዙ ሰዎች ቀዶ ሕክምና የሚያደርግበት ጊዜ አለ። የዚህ ዓይነቱ ዘመቻ ለአያሌ ሰዎች ብርሃን አስገኝቷል። ሆኖም ሰልፉ ረጅም፥ ጊዜውም አጭር ስለሚሆን፥ ፍጥነት የማይስማማውን ዓይን ከሌሎቹ ለይቶ ልምድ ላለው ሐኪም ማቆየት ተገቢ ነው። ከአምስት ሕሙማን ሁለቱ ብናኙ ሊኖርባቸው በሚችልበት ሕዝብ መካከል ይህ ጥንቃቄ እንደ ትርፍ ሥራ ሊቆጠር አይገባም።

የቤተሰቡም ድርሻ ቀላል አይደለም። አንደኛ፥ አዛውንቱ ማየት ሲዳግታቸው ሞራው እስኪነጣ ሳይጠብቁ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። ሞራ ሲቆይ እየጠጠረ፥ ክሮቹም እየላሉ ስለሚሄዱ መዘግየት ሥራውን ያከብደዋል። ሁለተኛ፥ ሞራን በመርፌ ገፍቼ አወርዳለሁ ከሚል የባህል ሐኪም መራቅ ነው፤ በዚህ መንገድ ዓይኑ መርቅዞ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል። ሦስተኛ፥ «የዓይኔ ግፊት ተለክቷል ወይ? በሌንሴ ላይ ብናኝ ታይቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አራተኛ፥ የታከመው ዓይን ጥሩ ቢያይም እንኳ በቀጠሮ ቀን መመለስ ነው። ብናኙ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ በአንድ ዓይን ብቻ ይታያልና፥ ሌላውም ዓይን ክትትል ያሻዋል።

ለድንበር ከተማ ነዋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ እርሱም ወረቀት ነው። የሞያሌው አዛውንት በሐዋሳ ታክመው ክትትላቸውን በማርሳቢት ሊያደርጉ፥ ወይም በናይሮቢ ታክመው አዲስ አበባ ካለች ልጃቸው ዘንድ ሊከርሙ ይችላሉ። ሁለተኛው ሐኪም የመጀመሪያው ያየውን ካላወቀ ሥራው ሁሉ እንደ አዲስ ይጀመራል፤ በመካከሉም ግፊቱ ነርቩን ይገድላል። ስለዚህ ብናኙ መታየቱን፥ የግፊቱን መጠንና የተደረገውን ሕክምና የሚገልጸው ካርድ እንደ መታወቂያ ወረቀት ተጠብቆ ከባለቤቱ ጋር ድንበሩን ሊሻገር ይገባዋል።

ካርዱን ማን ያነበዋል? በብዙ ቤት የቀጠሮውን ቀን አንብቦ የሚያስታውሰው፥ የመድኃኒቱን ጠብታ ሰዓት ጠብቆ የሚጨምረው ተማሪው ልጅ ነው። የአያቱን በትር ይዞ የሚመራው ልጅ ከበትሩ ይልቅ ካርዱን ቀደም ብሎ ቢይዝ ኖሮ፥ እርሱ ከትምህርት ቤቱ፥ አያቱም ከከብቶቻቸው ባልተለዩ ነበር።

ጥያቄዎች

ሀ. ምንባቡን መሠረት በማድረግ መልሱ።
1. «ሞራ መግፈፍ» የሚለው አነጋገር የተሳሳተ ሐሳብ የሚያሳድረው ለምንድን ነው?
2. በሽታው «ሐሰተኛ መላጥ» የተባለበትን ምክንያት በራሳችሁ አባባል ግለጹ።
3. ብናኙ በዓይን ላይ የሚያደርሳቸውን ሦስት ጉዳቶች በቅደም ተከተል ዘርዝሩ።
4. ሞራ ግላኮማን «ይሸሽገዋል» ሲባል ምን ማለት ነው?
5. የሕክምና ካርድ ለድንበር ከተማ ነዋሪ በይበልጥ አስፈላጊ የሆነው ለምንድን ነው?

ለ. የሚከተሉትን ቃላት በምንባቡ ውስጥ ባላቸው ፍቺ መሠረት ተርጉሙ፤ በዐረፍተ ነገርም አስገቧቸው።
ብሌን፥ ጠፍር፥ ደለል፥ ያጥበረብራል፥ ያሳብባል፥ መርቅዞ

ሐ. ጸሐፊው የሌንሱን ክሮች ከጠፍር አልጋ፥ የዓይኑን ቦዮች ከውኃ መውረጃ ቦይ ጋር አነጻጽሯል። ንጽጽሮቹ ሐሳቡን ለማስረዳት እንዴት እንደረዱ በክፍል ውስጥ ተወያዩ።

መ. በአካባቢያችሁ ማየት የተሳናቸው አንድ አዛውንት ሕክምና እንዲያገኙ ለማግባባት የሚያስችል፥ ከአንድ ገጽ ያልበለጠ ደብዳቤ ለቤተሰባቸው ጻፉ።